የተሰረዘው ቁልፍ

ዳኛው መኪናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ ቀበቷቸውን አስረው ነበር።

ሳጅኑ ጠረጴዛው ላይ ከደረደራቸው ሃያ ፎቶግራፎች ውስጥ የኢንስፔክተሯን ዓይን የያዘው ይኸው ቀበቶ ነው። እሱ ስለ ሌላ ሌላው ያወራል፤ እሷ ጣቷን ቀበቶው ላይ አድርጋለች። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነበር። የስልሳ ስምንት ዓመቱን ጡረተኛ ዳኛ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ በሩ በተዘጋ የቤታቸው ጋራዥ ውስጥ፣ ከሚሠራው ሞተር የወጣው ጭስ ገድሏቸዋል። ደማቸው ውስጥ ማታ ማታ የሚወስዱት የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። የመኪናው አራት በሮች ተቆልፈው፣ ቁልፉ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልጃቸው መስኮት ሰብሮ ሲያወጣቸው ነፍሳቸው ወጥታለች።

«መጀመሪያ ራሳቸውን ያጠፉ መስሎን ነበር» አለ ሳጅኑ። «ቤተሰቡ ደግሞ መኪናው ነው ዘግቶ የገደላቸው አለ። ሽቦ የሚሉት የመኪና ኤሌክትሪሻን ሐሙስ ዕለት የቁልፉን መቆጣጠሪያ ቀይሮላቸው ነበር። ሰኞ ጠዋት ሰውየውን ለቃል ጠራነው። ቀትር ላይ ሱቁን ስንፈትሽ መሳቢያው ውስጥ ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? የዚያው መኪና ቁልፍ! ሞክሬዋለሁ፤ ይከፍታል፣ ይቆልፋል፣ ያስነሣል። ሲቀይርላቸው አንድ ቁልፍ ለራሱ አስቀረ፣ እሑድ ሄዶ ገደላቸው። አለቀ።»

«አለቀ ያልከው አንተ ነህ። ለምን ይገድላቸዋል?»

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት በድብድብ ስድስት ወር ፈርደውበታል።»

«ፈርደውበትም መኪናቸውን የሚያሠሩት እሱ ዘንድ ነው?»

«ከእሱ የተሻለ የለም ይላሉ።» ሳጅኑ ይህን ሲናገር ፊቱ ኮሶ የጠጣ መሰለ። «ኢንስፔክተር፣ ፋይሉ ነገ ከሰዓት በኋላ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል ተብሏል። የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

ፊርማ ብቻ የሚለውን አነጋገር ኢንስፔክተሯ እንደ ስድብ ነው የምትቆጥረው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል። የሚወዷት ጥሬውን ከገለባው ትለያለች ለማለት ነው፤ የማይወዷት ደግሞ በሰው ድካም ላይ ቀዳዳ ታበጃለች ለማለት። የማይወዷት ይበዛሉ፤ ሳጅኑም ከእነሱ ወገን ነው።

«ከኪሳቸው የተገኘውስ ቁልፍ?» አለች።

«እሱ ባትሪው አልቋል መሰለኝ። መኪናው አይሰማውም።»

«መሰለኝ!»

ላስቲኩ ውስጥ እንዳለ የቁልፉን መጫኛ ተጫነችው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ አለች። ደግማ ተጫነች፤ ደግማ በራች። ባትሪው ደህና ነው። ጓንት አጥልቃ አወጣችውና ሽፋኑን በምላጭ ከፈተችው። ባትሪው አዲስ ሆኖ እንደ ሳንቲም ያብረቀርቃል፤ ግን ለቦታው ስስ ስለነበር እንዳይወላገድ ከሥሩ አራት ጊዜ የታጠፈ የብር ወረቀት ተወትፎበታል። የብር ወረቀቱ ሰማያዊ መስመር አለበት፤ ከመድኃኒት እሽግ ላይ የተላጠ ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችና የብር ወረቀቱን ለብቻው አሽጋ ለአሻራ ምርመራ ሰጠችው። ሳጅኑ ተረቱ ለማን እንደሆነ ገብቶታል።

ሽቦ በስሙ ልክ የቀጠነ፣ የጣቶቹ ጫፍ በመበየጃ ብረት የተጠባበሰ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ኢንስፔክተሯ እስር ክፍሉ ስትገባ ከአግዳሚው ላይ አልተነሣላትም።

«እርስዎ ደግሞ ምን ሊጨምሩብኝ መጡ?»

«ሐሙስ ዕለት የሠራኸውን ንገረኝ። እንደማያውቅ ሰው አድርገህ።»

«እንደማያውቅ ሰው!» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስታ የለበትም። «ከዳሽቦርዱ ሥር አንዲት ሳጥን አለች። እኛ ሞጁል እንላታለን። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ሆኖ እጀታውን ሲነኩ በሩን የምትከፍተው፣ ሞተሩን የምታስነሣው እሷ ናት። የቤቱን ሰው ከሌባው የምትለይ እሷ ናት። ውሃ ገብቷት ተበላሸች፤ በአዲስ ቀየርኳት። አዲሷ ደግሞ ማንንም አታውቅም። ስለዚህ ያሏችሁን ቁልፎች በሙሉ አምጡ እላለሁ፤ በማሽን አንድ በአንድ አስመዘግባቸዋለሁ። ያን ዕለት ያልመጣ ቁልፍ ተሰረዘ ማለት ነው። ለእሷ ከጠጠር እኩል ነው።»

«ስንት ቁልፍ መጣ?»

«አንድ፤ ዳኛው የያዙት። ሁለተኛውን ልጃቸው ከአራት ወር በፊት ጥሎታል። ይህንኑ ሊያስታውሱት ልጁን ጎትተው አምጥተውት ነበር። ሠራተኞቼ ፊት አቁመው ‹ለዚህ ደደብ ንገረው፤ የጣለው ቁልፍ ከእንግዲህ ምን ይሠራል?› አሉኝ። ‹ብታገኘውም ለጌጥ ነው› አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፋ። አሳዘነኝ፤ ሰኞ ግን ለመስኮቴ መጀመሪያ ድንጋይ ያነሣው እሱ ነው አሉ።»

«መሳቢያህ ውስጥ የተገኘውስ?»

«እዚያ ሳስቀምጠው ታይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! እኔ ሰኞ ጠዋት እዚህ ተቀምጬ ሕዝቡ ሱቄን ሰበረ። የገባው ሁሉ ያሰኘውን ይዞ ወጣ። አንዱ ያሰኘውን ጥሎ ቢወጣ ይገርማል?»

አልገረማትም። እንዲያውም ከሰኞ ወዲህ በዚህ ጉዳይ የሰማችው የመጀመሪያው ብልህ ቃል ይህ መሰላት።

«በምን ላረጋግጥ?»

«ማሽኔን አምጡልኝ፤ ሳጥኗ ስንት ቁልፍ እንደምታውቅ ራሷ ትናገር። እሷ ዳኛ አትፈራ፣ ፖሊስ አትፈራ።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ኢንስፔክተር፣ የኔ ሥራ ሌላ ሰው አይሠራውም ብዬ አይደለም። ሰው የመኪናውን ቁልፍ፣ ከነቤቱ ቁልፍ አንጠልጥሎ ሰጥቶኝ ይሄዳል። እንጀራዬ ይህ እምነት ነው። ይህ ነገር ከተለጠፈብኝ ብፈታም ቆሜ አልሄድም።»

የዳኛው ቤት ሰፊ ነው፤ ግን ሰው ለሰው የሚበቃ ቦታ የለውም። የዳኛው ሁለተኛ ሚስት ኬክ እየጋገረች ለትዕዛዝ የምታቀርብ ረጅም ሴት ናት። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ጥቁር ልብሷ ላይ ሽርጥ አስራ ዱቄት በኩባያ ትሰፍር ነበር። ከወጥ ቤቱ አንድ በር በቀጥታ ወደ ጋራዡ ይወስዳል።

«ነፍሰ ገዳዩን ይዛችሁ እኔን ልትጠይቁ ትመጣላችሁ?» አለች።

«ሞጁሉ መቀየሩን መቼ አወቁ?»

«እሑድ ማታ፣ ልጁ እያለቀሰ ሲናገር። ዳኛው ለኔ ስለ መኪና አይነግሩኝም። ስለ ምንም አይነግሩኝም። የሚናገሩኝ ኬኩ ሲያርር ብቻ ነው።»

«እሑድ ምሳ ላይ እነማን ነበራችሁ?»

«አራት ነን። እሳቸው፣ እኔ፣ ያ ልጃቸው፣ ወንድማቸው ርዕሰ መምህሩ። እሑድ እሑድ ይመጣል፤ ይሰደባል፤ ይሄዳል።» የኩባያውን ዱቄት ደልድላ ቀጠለች። «ያን ዕለት ለሁላችንም አደሉን። እኔን ‹ዱቄት ነጋዴ› አሉኝ። ልጃቸውን ‹ውጣ ከቤቴ› አሉት። ወንድማቸውን ‹በተጭበረበረ ዲፕሎማ ሠላሳ ዓመት ኖርክ› አሉት። ለእሱ አዲስ አይደለም፤ ሁልጊዜ ይሉት ነበር።»

«ሻዩን ማን አፈላ?»

«እኔ።»

«ማን ቀዳ?»

«ወንድማቸው።»

«ማን አቀረበ?»

«ልጁ። ገባኝ የሚሄዱበት! የመድኃኒቱ ጠርሙስ እዚህ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ማንም ያውቀዋል። እኔ ኬክ ላደርስ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ጋራዡ በጭስ ታፍኗል። ጮህኩ፤ ልጁ ከላይ ወረደ። እስከ ረቡዕ፣ እስከዛሬ ማለቴ ነው፣ ከዚህ ግቢ አልወጣሁም፤ ጎረቤት ይመሰክራል። እኔ ባሌ ሞቶ እዚህ ዱቄት በኩባያ እሰፍራለሁ፤ ሚዛኔን እንኳ አልተዉልኝም!»

«ሚዛኑን ምን አገኘው?»

«እሑድ ጠዋት ስኳር መዝኜበት ነበር። ሰኞ ስከፍተው ድርግም! ባትሪው የለም። ማን ይወስዳል? የእንጀራ ልጄ እንጂ!»

«ታዲያ ሌላ አይገዙም?»

ሴትየዋ ከሚዛኑ ሥር ያለውን መሳቢያ በንዴት ሳበችው። ያልተከፈተ የባትሪ እሽግ ተቀምጧል። «ሞልቶኝ! ለምን እኔ እቀይራለሁ? የወሰደ ይመልስ!»

ኢንስፔክተሯ አንዱን አንሥታ በጣቷ ለካችው። ከቁልፉ ውስጥ ያገኘችውን የመሰለ ስስ ባትሪ ነው። በልቧ እህ አለች፤ በአፏ ግን አመስግና ወጣች።

ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱም እጆቹ መስታወት ቆርጧቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«የሽቦን ሱቅ ድንጋይ ወርውረህበታል?»

«ወርውሬያለሁ። እሱ ባይሠራው አባቴ ይኖር ነበር ብዬ ነዋ።»

«እሑድ ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?»

«ክፍሌ፣ ተኝቼ። ማንም አላየኝም። ይያዙኝ እንግዲህ።»

«ቁልፉን የት ጣልከው?»

«ባውቅ ጣልኩ ይባላል?» ከዚያ ፊቱን አዞረ። «አጎቴን ከሐኪም ቤት ሳመጣው ነበር። ቤቱ በር ላይ አወረድኩት። ሞተሩን ሳላጠፋ እዚህ ድረስ ነዳሁ። እዚህ አጥፍቼ እንደገና ሳስነሣ እምቢ አለ፤ ቁልፍ የለም። ያ መኪና አንዴ ከተነሣ ቁልፉ ቢወርድም ይሄዳል። አራት ወር ሙሉ አባቴ ጠዋት ‹ደህና አደርክ› አላሉኝም፤ ‹ቁልፉ ተገኘ?› ነው የሚሉኝ። እሑድ ምሳ ላይ ‹አንድ ቁልፍ መጠበቅ ያቃተው ቤት አይጠብቅም› አሉኝ። የመጨረሻ ቃላቸው እሱ ነው።»

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ እርሳሶቹ እንኳ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ሰውየው ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ሰደርያ የማይለየው፣ የሰው ንግግር ሳያርም የማያልፍ ነው።

«ወንድምዎ በሞቱበት ዕለት» ብላ ገና ስትጀምር አቋረጣት።

«‹በተገደሉበት› ይበሉ። ቃል ቦታ ቦታውን ይያዝ።»

«በተገደሉበት ዕለት ከቤቱ መቼ ወጡ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ሚስቱ ስትወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ወዲያው ተከትዬ ወጣሁ። ስለ ሞጁሉ መቀየር ሊጠይቁኝ ከሆነ፣ የሰማሁት እሑድ ማታ ልጁ ደውሎልኝ ነው።» ሆዱን ያዝ አድርጎ ከእሽግ አንድ ኪኒን ፈለቀቀ። የተላጠውን የብር ወረቀት በጥፍሩ አራት አጥፎ ሰደርያ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ኢንስፔክተሯ ስታየው አየና «ወረቀት መሬት ላይ የሚጥል ተማሪ እቀጣለሁ፤ እኔ ልጥል?» አላት።

«ሰኞ ሽቦ ሱቅ ሄደው ነበር?»

«ሰው ለማረጋጋት። ውስጥ የገቡትን ሁለት ወጠጤዎች ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ማመስገን የለም እንጂ!» ወዲያው ጎንበስ ብሎ ድምፁን አለሳለሰ። «ይልቅስ የወንድሜ ዕቃዎች መቼ ይመለሱልናል? ሰዓታቸው፣ መነጽራቸው፣ ያ ቁልፍ። እኔ ልፈርም እችላለሁ።»

«ይህን ይሙሉልኝ» አለችና የንብረት መረከቢያ ቅጽ አቀበለችው። በጥንቃቄ ሞላው፤ ሁለት ቦታ የፊደል ስሕተት አረመላት። ቅጹን በሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዛ ወደ አቃፊዋ አስገባችው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። መኪናው መስኮቱ እንደተሰበረ መሐል ላይ ቆሟል። ሚስትየዋ እጇን አጣጥፋ፣ ልጁ ግድግዳ ተደግፎ፣ ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን እያየ፣ ሽቦ ደግሞ በካቴና በሳጅኑ ጎን። ከአጥሩ ውጭ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ ሽቦ ከፖሊስ መኪና ሲወርድ «ነፍሰ ገዳይ!» ያለው ድምፅ ከአንድ በላይ ነበር።

«ይህን ሰው ቤቴ ውስጥ ማምጣታችሁ ነውር ነው» አለች ሚስትየዋ።

«ነውሩን በኋላ እንከፋፈለዋለን» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሳጅን፣ ካቴናውን ፍታለት፤ ማሽኑን ይሰካ።»

ሽቦ ተንበርክኮ ገመዱን ከዳሽቦርዱ ሥር ሰካ። ማሽኑ ጥቂት አሰበና ጻፈ። ልጁ አንገቱን አስግጎ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «የተመዘገበ ቁልፍ፣ አንድ።»

«አንድ!» አለች ኢንስፔክተሯ። «አሁን ሁለቱን ቁልፎች እንሞክር።» ከሱቁ መሳቢያ የተገኘውን ይዛ እጀታውን ነካችው፤ በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ያንን ከግቢ አስወጥታ፣ ከሟቹ ኪስ የተገኘውን ይዛ ሞከረች። የቁልፉ መብራት በራ፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም። «መኪናው የሚያውቀው የመሳቢያውን ቁልፍ ብቻ ነው። ሌላ የለውም። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ ዳኛው ቅዳሜ መኪናቸውን ነድተው ነበር?»

«ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ሄደዋል» አለች ሚስትየዋ።

«በምን አስነሡት?»

ሽቦ መሬት መሬት እያየ ከንፈሩን ነከሰ።

«በዚህ በአንዱ ነዋ! ስለዚህ መሳቢያው ውስጥ የተገኘው ቁልፍ ሽቦ ቀንሶ ያስቀረው ሳይሆን የዳኛው የራሳቸው ቁልፍ ነው። እሑድ ከኪሳቸው ወጥቷል፤ ሌላ ሰው በምትኩ ይህን ሙት ቁልፍ ከቶላቸዋል። ይህ ሙት ቁልፍ ደግሞ ከአራት ወር በፊት የጠፋው ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ልጁ ዞረ። የልጁ ፊት አመድ መሰለ።

«እኔ እኮ ብያለሁ!» አለች እንጀራ እናቱ።

«ቆዩ። ሙቱን ቁልፍ ስከፍተው ከእርስዎ ሚዛን የወጣ ባትሪ አገኘሁበት። ስስ ስለሆነ ከሥሩ የብር ወረቀት ተወትፏል። ሚዛኑ እሑድ ጠዋት ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ባትሪው የተቀየረው እሑድ፣ ከዚያ በኋላ ነው። እስኪ አስቡት፤ የቁልፍ ባትሪ የሚቀይር ምን ዓይነት ሰው ነው? ቁልፉ ይሠራል ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው ነው። ሽቦ ቁልፉን ራሱ ሰርዞታል። ልጁ ሲሰረዝ ቆሞ አይቷል፤ ‹ለጌጥ ነው› ተብሎ ተሰድቦበታል። ሁለቱም ለሞተ ቁልፍ ባትሪ አይፈልጉም። ከሁለቱ ውጭ ያለ፣ ሞጁሉ መቀየሩን ያልሰማ ሰው ነው።»

ሚስትየዋ እጇን ከደረቷ አወረደች። «እኔ አልሰማሁም ነበር» አለች፤ ድምፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ።

«እርስዎ ከሚዛኑ ሥር ሙሉ እሽግ ባትሪ አለዎት። መሳቢያውን የሚያውቅ ሰው ሚዛን አይዘርፍም። ደግሞም ሰኞ ከግቢ አልወጡም፤ የሽቦ መሳቢያ ውስጥ ቁልፍ ሊጥሉ አይችሉም። ሰኞ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ገብቶ የወጣ፣ እሑድ እዚህ ምሳ የበላ፣ ስለ ሞጁሉ እሑድ ማታ ብቻ የሰማ አንድ ሰው አለ።»

ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ግምት ነው» አለ። «‹አለ› ማለትና ‹አረጋገጥኩ› ማለት ይለያያሉ።»

«ልክ ነዎት፣ እንለያቸዋ። ዳኛው እርስዎ መድኃኒቱን ጨምረው የቀዱላቸውን ሻይ ጠጡ። ሚስትየዋ ወጣች፣ ልጁ ተኛ። እርስዎ ቤትዎ እንዲያደርሱዎ ወንድምዎን ለመኑ። እሳቸውም መሪው ጋ ተቀመጡ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ። ሊሞት የተቀመጠ ሰው ቀበቶ አያስርም። ከዚያ እንቅልፉ ጣላቸው። ሞተሩን ያስነሡት እርስዎ ነዎት፤ የእሳቸው ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ስለነበር ተነሣልዎት። ወጥተው ራሳቸውን የዘጉ እንዲመስል በያዙት ቁልፍ ሊቆልፉ ሲሉ ግን እምቢ አለ። ባትሪ ነው ብለው ወጥ ቤት ሮጡ፣ ሚዛኑን ዘረፉ፣ በብር ወረቀት ወተፉ። አሁንም እምቢ! ጭሱ እየበዛ ነው። ያኔ የሳቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው ወስደው፣ የእርስዎን በምትኩ ትተው፣ ቆልፈው ወጡ። ይህ መኪና ሞተሩ እየሠራም ከውጭ ይቆለፋል፤ ሽቦ ይመሰክራል።»

«ይቆለፋል» አለ ሽቦ።

«እሑድ ማታ ልጁ ስለ ሞጁሉ ሲነግርዎት ቁልፍዎ ለምን እምቢ እንዳለ ገባዎት። የያዙት የሚሠራ ቁልፍ እሳት ሆነብዎት። ጠዋት ሕዝቡ ሱቅ ሲሰብር እሳቱን ሰው መሳቢያ ውስጥ ጣሉት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።»

«የብር ወረቀት በየሰዉ ኪስ አለ!»

«አራት ታጥፎ አይደለም። ደግሞ ሲያጥፉት ውስጥ ውስጡን የአውራ ጣት አሻራ ይዟል። ትናንት ፊደሌን ካረሙልኝ ቅጽ ላይ ካለው አሻራ ጋር አንድ ነው። ዛሬ ጠዋት ተረጋግጦ መጣልኝ።»

ርዕሰ መምህሩ እጁን ወደ ሰደርያ ኪሱ ሰደደ፤ ኪኒን ፈልጎ ይሁን ሌላ አልታወቀም፤ ሳጅኑ እጁን ያዘው።

«ለምን አደረግከው?» አለች ኢንስፔክተሯ። አንቱታው በዚያች ቅጽበት ቀርቷል።

«ሠላሳ ዓመት» አለ ሰውየው። «ሠላሳ ዓመት በየእሑዱ ‹ባለ ፎርጅድ› እያለ አበላኝ። ቻልኩት። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በስሜ ሊሰየም ነው ስል ‹የፊታችን ሰኞ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ስምህ ግድግዳ ላይ ከመጻፉ በፊት› አለኝ። ሰኞ ሊሄድ ነበር። ሺህ ልጅ ማንበብ አስተምሬያለሁ! በሕይወት ያለኝ ነገር ያ ስም ብቻ ነበር።»

«ቁልፉንስ ከየት አመጣኸው?»

«ከሐኪም ቤት ስንመለስ ኮቴ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ ወርዷል። በሳምንቱ አገኘሁት። ልመልስ ስመጣ ወንድሜ ልጁን እያዋረደው ደረስኩ። አንድ እሑድ እንኳ ከኔ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ሌላ ሰው ሲሰድብ ባይ ጊዜ ደስ አለኝ። ሳልመልሰው ተውኩት።»

ልጁ ከግድግዳው ተነሣ። ሁሉም ይመታዋል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ፋሻ የታሰሩ እጆቹን አንጠልጥሎ አጎቱ ፊት ቆመ።

«አልጣልኩትም ነበር» አለ። «አራት ወር! እኔ አልጣልኩትም ነበር፤ አባቴ ሳያውቅ ሞተ።»

አጎቱ ሊያርመው የሚችል ቃል አላገኘም። እንጀራ እናቱ ወደ ልጁ አንድ እርምጃ ሄደችና ማጽናናት እንደማያውቅበት ሰው ቆማ ቀረች። ሳጅኑ በኀፍረት ጆሮው ድረስ ቀልቶ ከሽቦ ያወለቀውን ካቴና በርዕሰ መምህሩ እጅ ላይ አጠለቀው።

ኢንስፔክተሯ ሽቦን ራሷ ሸኘችው። ሱቁ ከሁለት መንገድ ማዶ ነው። ሕዝቡ ርዕሰ መምህሩ በካቴና ሲወጣ አይቶ ግራ ተጋብቷል፤ ግን ከጥላቻው ገና አልወረደም፤ እያጉረመረመ እስከ ሱቁ ድረስ ተከተላቸው። ኢንስፔክተሯ ንግግር አትወድም። ያም ሆኖ ሱቁ ደጃፍ ላይ ዞረች።

«ስሙ!» አለች። «ይህ ሰው ሥራውን ዝርክርክ አድርጎ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ያ የጠፋ ቁልፍ ይሠራ ነበር። ገዳዩ ቆልፎ ይሄድ ነበር፤ ዳኛውም ራሳቸውን አጠፉ ተብለው ይቀበሩ ነበር። ነፍሰ ገዳዩ የተያዘው ሽቦ ሥራውን በወጉ ስለሠራ ነው። ሌላ ምንም የለም።»

ከኋላ አንድ ወፍራም ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽቦ፣ ወንድሜ... የኔም መኪና በሩ እምቢ ብሎኛል። ነገ ትከፍታለህ?»

ሽቦ የተሰበረውን መስታወት በጫማው ገፋ አድርጎ ሰውየውን ትክ ብሎ አየው፤ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ሌላውን።

«የሁላችሁም ቁልፍ በእጄ አልፏል» አለ። «ከነቤታችሁ ቁልፍ። ሃያ ዓመት! የአንዳችሁን በር ሳላስፈቅድ ከፍቼ አላውቅም። እናንተ የኔን በር የከፈታችሁት በድንጋይ ነው።»

ገባና መጥረጊያ አነሣ። ወፍራሙ ሰውዬ መልስ ይጠብቅ ይመስል ጥቂት ቆመ፤ ቀጥሎ እሱም ሄደ። ኢንስፔክተሯ የመጨረሻው ሰው እስኪበተን ድረስ ደጃፉ ላይ ቆየች።